ማሲንቆ ይዘን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

«አዝማሪ» የሚለው ስም በአፋችን ላይ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ዘፋኝ፣ ገጣሚ፣ የሰው ልብ ዐዋቂ ማለት ነው። ሁለተኛው ስድብ ነው። ልጅ ከትምህርቱ ሰርቆ ክራር ቢነካ፣ እናቱ «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው ወይ?» ብላ የምትጮኸው ሁለተኛውን ይዛ ነው። በሠርግ ቀን አዝማሪ ሳይመጣ ቢቀር ደግሞ ያችው እናት «ይህ ምን ሠርግ ይባላል!» ብላ ታዝናለች። ይህ ጸሐፊ ዛሬ ለአንባቢዎቹ የሚያቀርበው፣ በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ገብቶ በአንድ ወር ውስጥ ያየውንና ከዚያ ወዲህ ሲከነክነው የኖረውን ነገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። በመኝታ ክፍላችን ከነበርነው ልጆች ሦስታችን የአንድ አካባቢ ሰዎች ስለሆንን ቶሎ ተወዳጀን። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበብ የተማርሁት ክራር ነበረኝ። ሁለተኛው ከበሮ ይመታል። ሦስተኛው በእስቴ በኩል ካለ የአዝማሪ ቤት የተወለደ ነው፤ ነገር ግን ይህን ለማንም አልተናገረም። ማሲንቆውን በጆንያ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አስቀምጦት ነበርና እኛም የደረስንበት በመጥረጊያ ስንጠርግ ነው። ሲያዝ እንደ ሌባ ደነገጠ። «የአጎቴ ዕቃ ነው» አለን።

ጌታ የሌለው ሙዚቃ

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ከጓደኞቻችን አንዱ በስልኩ አንድ ዘፈን ከፈተልን። ጊታሩ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል፤ ከበሮው ይደበድባል፤ በመካከሉ አንድ ሳክስፎን የባላገሩን ሽለላ ያስገመግማል። የማሲንቆው ባለቤት ከአልጋው ላይ ቀና ብሎ «ይኼ የእኛ አገር ፉከራ ነው!» አለ።

እውነቱን ነበር። ሳክስፎኑን የሚነፋው በ1927 ዓ.ም. በይፋት የተወለደው ዕውቁ ጌታቸው መኩሪያ ነበር። ጌታቸው በልጅነቱ ክራርና ማሲንቆ ተጫውቷል፤ ኋላም በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ገብቶ የነሐሱን መሣሪያ ለመደ። ጦረኛ ሲሸልል የሚያሰማውን ድምፅ ወስዶ በሳክስፎን አፍ ያናገረ ሰው እርሱ ነው። አጃቢዎቹ ደግሞ «ዘ ኤክስ» የሚባሉ የሆላንድ ሰዎች ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 የተቋቋመ የፐንክ ቡድን ነው። ፐንክ ማለት በ1970ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክና በለንደን የተነሣ የወጣቶች ሙዚቃ ሲሆን፣ መመሪያው አጭር ነው፦ «ትልቅ ድርጅት እስኪመርጥህ አትጠብቅ፤ የምታውቀውን ያህል ተጫወት፤ ራስህ አሳትም፤ ዕቃህን ራስህ ተሸክመህ ዙር።» እነዚህ የሆላንድ ሰዎች በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እየዞሩ ተጫወቱ። በ2004 የ25ኛ ዓመታቸውን በዓል ሲያከብሩ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት፤ በ2006ም «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንዲህ ያለው በራስ እግር መቆም ለአገራችን ከተሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ድፍረት ማሳተም ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አውጥቷል። ከሁሉ በፊት ግን አዝማሪው ነበር። ድርጅት የለውም፤ ቲኬት አይሸጥም፤ መድረኩ የሰው ደጃፍ ነው። ወሬና ግጥም ይዞ ከአገር አገር ስለሚዞር ሹም ይፈራዋል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ግራዚያኒ እየዞሩ ወሬ የሚያዳርሱ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች እየታደኑ እንዲገደሉ ማዘዙ ይህን ያስረዳል። አንድ ገመድ ያላትን ማሲንቆ ከጠመንጃ ጋራ ደምሮ የቈጠረው ጠላት፣ ከእኛ ይልቅ ዋጋዋን ሳያውቅ አልቀረም።

የዙረቱ ሐሳብ በዚያች ማታ ተወለደ። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ከጥምቀት ወዲህ የሠርግ ወራት ስለሆነ፣ ሦስታችን መሣሪያችንን ይዘን ከጋይንት እስከ እስቴ ልንዞር ተስማማን። የማሲንቆው ባለቤት ጥቂት አቅማምቶ ነበር፤ እኛ ግን ምክንያቱን አልጠየቅነውም።

ከነፋስ መውጫ ወደ ታች

ነፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ከተማ ናት፤ ጠባይዋን ስሟ ይናገራል። የክራሬ ጅማቶች በብርዱ ምክንያት መቃኛቸውን እየሳቱ አስቸገሩኝ። በመጀመሪያው ማታ በአንድ ጠላ ቤት ገብተን ያጠናናቸውን ዘፈኖች በተራ ተጫወትን። ሰዉ ጨዋ ነውና ዝም አለን፤ የሚሰማን ግን አልነበረም። አራተኛውን ዘፈን ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሥተው «ተቀበል!» አሉ።

እኔና ባለ ከበሮው ተያየን። መቀበልን ማን አስተማረን? የማሲንቆው ባለቤት ግን ሽማግሌው የተናገሩትን ግጥም ከአፋቸው ነጥቆ በዜማ መለሰላቸው፤ ሁለተኛም ጨመሩ፤ ያንንም ተቀበለ። ወዲያው ከወዲያ ማዶ ሌላው ተነሣ። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ቤቱ በሙሉ ገጣሚ ሆነ። እኔ በዚያች ሌሊት የተረዳሁት፣ በአዝማሪ ጨዋታ አድማጭ የሚባል ሰው አለመኖሩን ነው። ጠላ የሚጠጣው ሁሉ ባለ ድርሻ ነው። የሆላንዶቹ ሰዎች በተጫዋችና በተመልካች መካከል ያለውን ግድግዳ እናፍርስ ሲሉ የደከሙበት ነገር፣ በጋይንት ጠላ ቤት ውስጥ ከመጀመሪያውም ግድግዳው አልተሠራም።

በደጃፉ

ከዚያ ወደ ታች ጋይንት ወረድን። በአንድ መንደር ሠርግ እንዳለ ሰምተን ሄድን። ዳሱ ሰፊ ነው፤ ሰዉም ብዙ ነው። የሠርጉ ባለቤት ደህና ሰው ነበሩ፤ በፈገግታ ተቀብለው «የማን ልጆች ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እኔ የአባቴን ስም ነገርኋቸው፤ ባለ ከበሮውም እንደዚሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንንም አልደበቅንም። የሦስተኛውን ስም ሳይጠብቁ ማሲንቆውን አዩት።

«ተማሪዎቹ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ምሳ ቅመሱ። አዝማሪው እዚያው ደጃፉ ላይ ይቁምና ያጫውተን» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ገባን። «እርሱም ተማሪ ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። በፈተና ውጤት እንደ ሆነ ሁለታችንን የሚበልጥ እርሱ ነበር። አንደበቴ ግን ተሳሰረ። ከሽማግሌዎች መካከል በክብር ተቀምጬ ስበላ፣ ጓደኛዬ በዳሱ በር ላይ ቆሞ ሙሽራውን ያወድስ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዜማውን ሳይለውጥ እንዲህ አለ፦

ከበር ላይ ብቆም ምን ይከፋኛል፣
ገቢና ወጪው ሰላም ይለኛል።

ዳሱ በሣቅ ተናወጠ። ባለቤቱም ደስ ብሏቸው ተነሡና በግንባሩ ላይ የሃምሳ ብር ኖት ለጠፉለት። እኔ ግን እንጀራው በጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ግጥሙ የተላከው ለማን እንደ ሆነ ዐውቄያለሁና። ማታ ያገኘውን ገንዘብ ቈጥሮ ለሦስት እኩል አካፈለው። ስለ ነገሩም አንዲት ቃል አልተናገረም። ተቀየመን ብንባል ኖሮ ይቀለን ነበር።

የስማዳዋ እናት

ከዚያ ገደል ወርደን ገደል ወጥተን በማግሥቱ ስማዳ ገባን። ስማዳ ደቡቧ በበሽሎና በዓባይ በረሓ የሚያልቅ፣ ዝናም ሲያጥር ቶሎ የሚቸገር አገር ነው፤ ብዙ ሰው በሴፍቲኔት ርዳታ ኖሯል። ሌሊቱን ያሳደሩን አንዲት ባሏ የሞተባቸው እናት ነበሩ። ከእራት በኋላ ለምስጋና ያህል ጥቂት ተጫወትንላቸው። የሞተ ልጃቸውን ስም ነግረውት በስሙ ሲያንጐራጕርላቸው አለቀሱ። ጠዋት ስንነሣ አንድ ጣሳ ማሽላ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡን።

እኔ ጨዋነት መስሎኝ «አይሆንም እናቴ፣ ለልጆችዎ ይሁን» ብዬ መለስሁት። ፊታቸው ጠቈረ። ጓደኛዬ ፈጥኖ በሁለት እጁ ተቀበለና አመሰገናቸው። መንገድ ከጀመርን በኋላ ወደ እኔ ዞሮ በዚያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቈጣ።

«ምን ነካህ? እርሳቸው ምጽዋት የሰጡን መሰለህ? ከፈሉን እኮ! ሥራ ሠራን፣ ዋጋውን ከፈሉ። ስትመልስባቸው የእኔንም ሥራ፣ የእርሳቸውንም ገንዘብ ናቅህ።»

በዩኒቨርሲቲ ስለ ሠራተኛ ክብር ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ። ከዚያች አንድ ጣሳ ማሽላ የበለጠ ያስተማረኝ ግን የለም።

የሽማግሌው ጥያቄ

የመጨረሻ መድረሻችን እስቴ ነበረ። ከጉና ተራራ በታች ነው፤ ጉና ከ4100 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ማታ ማታ ብርዱ እስከ መንደሩ ይወርዳል። በጓደኛዬ ቤት አዳርን። አያቱ በወጣትነታቸው ጐንደርን፣ ጐጃምንና ወሎን በእግራቸው የዞሩ ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ማሲንቆ ተቀብለው የፍየል ቆዳዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ የፈረስ ጭራውን ገመድ አጠበቁ፤ ደጋኑን ሙጫ አሸት አሸት አደረጉት። ከዚያ በኋላ ስንት ብር እንዳገኘን አልጠየቁንም፤ የት የት እንደ ተጫወትንም አልጠየቁንም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጆቼ፣ በሄዳችሁበት ሁሉ አብራችሁ በላችሁ?»

እኔ ዐይኔን ወደ ምድጃው ጣልሁ። ባለ ከበሮውም እንዲሁ። እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማል። ጓደኛዬ «አዎን አባባ፣ አብረን በላን» አለ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑት አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሦስታችንም ተመርቀናል። እኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ሆንሁ፤ «ለሹመት የሚታጭ ሰው ክራር ይዞ አይታይም» የሚል ምክር ሰምቼ ክራሬን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ጓደኛዬ መምህር ነው፤ ማሲንቆውን ግን ከእንግዲህ ከአልጋ ሥር አይደብቀውም፤ በተማሪዎቹ ፊት ይጫወታል። ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት ስልክ ደውዬ ያንን ቀን አነሣሁበትና ይቅርታ ጠየቅሁት። በመጠየቄ ዘግይቻለሁ። እርሱም ሣቅ ብሎ «ስሜን አትጥራ፤ የበሩን ነገር ግን ጻፈው» አለኝ።

እነሆ ጻፍሁት። ዛሬ በየቢሮው የተቀመጥን ወጣቶች ስለ ባህል ስብሰባ እንጠራለን፤ ለእንግዳም ማሲንቆ እናስደምጣለን፤ የፈረንጅ ሙዚቀኛ ባሕር ተሻግሮ የእኛን ሽለላ ሲፈልግ እናጨበጭባለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ አልተመለሰም። ጨዋታው ካለቀና ምግቡ ከቀረበ በኋላ፣ ማሲንቆ የያዘው ሰው የተቀመጠው የት ነው? በሚመጣው ግብዣ ላይ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ካገኛችሁት፣ አንድ ትንፋሽ ይበቃልና እንደኔ አትዘግዩ።