ዘንባባውን የሚያበሰብሰው ማን ነው?

በሆሳዕና ዋዜማ በወልድያም ሆነ በመርሳ የዘንባባ ቅጠል ይፈለጋል። ቈራጩ በአንድ ቢላዋ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄዳል፤ በመካከሉ ስለቱን ያጠበ ሰው ግን አላየሁም። ዋል አደር ብሎ አንዱ ዛፍ ሲጠወልግ «አርጅቶ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

እንደሚታወቀው ዘንባባ በዝምድናው ከወይራ ይልቅ ለሀብሩ ማሽላ ይቀርባል። ግንዱ በየዓመቱ አዲስ እንጨት እየጨመረ ቁስሉን አይሸፍንም። በአንድ ግንድ ላይ የሚያድገው ቡቃያም አንድ ብቻ ስለሆነ፥ እርሱ ከበሰበሰ ግንዱ አለቀለት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት በሰበሰ?» የሚለው ነው። ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያለው የግንዱ ክፍል በስብሶ እንደ መደርደሪያ ያለ ጠንካራ እንጉዳይ ካወጣ፥ በፍሎሪዳ የታወቀው ጋኖደርማ ይጠረጠራል። ይህ ከባዚዲዮማይኮታ ወገን ነው፤ መድኃኒት አልተገኘለትም። መካከሉ ወይም ላይኛው ግንድ ከቁስል ተነሥቶ ከበሰበሰ ቲየላቪዮፕሲስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አስኮማይኮታ ሲሆን፥ በላቦራቶሪ ሲያድግ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። የአስኮማይኮታው ፉዛሪየም ደግሞ ቅጠሉን በአንድ ጐን ያደርቃል፤ አንዱ ዓይነት በሞሮኮ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ የተምር ዛፎች ፈጅቷል።

ቡቃያውን የሚያበሰብሰው ፋይቶፍቶራ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ይባላል እንጂ አይደለም። የሕዋሱ ግድግዳ ሴሉሎስ አለበት፤ ዘመዶቹም ቡናማዎቹ የባሕር አልጌዎች ናቸው። ስያሜው የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ ይህን ያስብ፦ ለፈንገስ ከተሠሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ እርሱን አይነኩትም፤ ወገኑን የሳተ ገበሬ ገንዘቡን በከንቱ ይረጫል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት እንሰትን የሚያጠወልገው ፈንገስ ሳይሆን ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ። እርሱንም ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት ዋናው ቢላዋ ነው፤ የዘንባባው ፉዛሪየም አንዱ ዓይነትም በመግረዣ መሣሪያ ይተላለፋል።

ለዕረፍት ወደዚያ የሚሄድ ጓደኛ የታመመ ዘንባባ ቢያገኝ፥ ለምርመራ የሚቈርጠው ጭራሽ ከበሰበሰው መካከል አይሁን፤ እዚያ ዘግይተው የሚመጡ ሌሎች ሻጋታዎች ሰፍረዋልና። ደኅናውና የታመመው ከሚገናኙበት ድንበር ይውሰድ፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅልለው። ወደሚቀጥለው ዛፍ ከመሄዱ በፊትም ቢላዋውን በበረኪና ይጠበው።