ምጣድ በሳሙና አይታጠብም

ደብረ ታቦር ሲነሣ ሰው ሁሉ ጋፋትንና የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ይጠቅሳል። መድፉ ክብሩ ይገባዋል። በዚያው ደጋ፣ ከጣራ ገዳም እስከ ጉና ግርጌ፣ በየቤቱ እንጀራ የሚያበላን ግን የሸክላ ምጣድ ነው። የሚሠሩት ሴቶች ደግሞ ለሙያቸው ምስጋና በማግኘት ፈንታ ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል።

የምጣድ አመራረጥ ቀላል ነው። ምጣዱን በአንድ እጅ ደግፈው በሌላው ጣት መታ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበትና ቢያምርም ይተዉት። ፊቱንም ይዳብሱ፤ ጎድጓዳ ከሆነ ሊጡ እኩል አይዘረጋም።

ዋናው ጉዳይ ማሟሸቱ ነው። የተተኮሰ ሸክላ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ባልሟሸ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲፈስ ቀዳዳዎቹ ይመጥጡታል፤ እንጀራውም ይጣበቃል። ስለዚህ ምጣዱ ቀስ ብሎ ይግላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በማሰሻ ጫን ተደርጎ ይታሻል። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት በሙቀቱ ደርቆ ይጠነክርና ቀዳዳውን ይደፍናል። ፊቱ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ይደጋገማል። ጣሊያኖችም የቤታቸውን የሸክላ ወለል በተልባ ዘይት የሚያሹት ለዚሁ ነው፤ ያልተቀባ ሸክላ የነካውን ሁሉ ይጠጣል።

እንጀራ ሲጣበቅ ግን ሁሉም ጤፉን ወይም እርሾውን ይከሳል። አንዲት ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን በሳሙና ፈትጋ አጥባ፣ «ዘንድሮ ጤፉ ምን ነካው?» አለችኝ። «እትዬ፣ ጤፉ ምንም አልሆነም፤ አጥበው የጣሉት የምጣዱን ወዝ ነው» አልኳት። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን መጋገሪያው ያው ሸክላ ነው፤ እንጨቱ በሥሩ በተዘረጋ የጋለ ሽቦ ተተካ እንጂ ሌላው አልተለወጠም። ሳሙናው ወዙን ይገፍፋል፣ ውሃው ወደ ሽቦው ይወርዳል።

በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፉ ሰዎችንም አይቻለሁ። ሸክላው በድንገት ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ሸክላ ሠሪዋን መውቀስ ነውር ነው። ከእያንዳንዱ እንጀራ በኋላ በማሰሻ ጠረግ ማድረግ፣ መጣበቅ ሲጀምር ጎመን ዘር መልሶ ማሸት ይበቃዋል። ጋግረው ሲጨርሱ አክምባሎውን ገጥመው በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።