ለቀጭን ትከሻ የትኛው ጠመንጃ ያዋጣል?

የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በጋምቤላ ወደብ ወደ ሱዳን ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ በሀገራችን ብዙ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። ለነጋዴው ጥሩ ንብረት ነው፤ ሰውነቱ ለቀለለ ወጣት አዳኝ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው።

የውጅግራ አፈሙዝ 11 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ 25 ግራም ነው። ከ1933 ዓ.ም በኋላ በሀገሩ የቀረው የጣልያን 6.5 ሚሊ ሜትር 10.5 ግራም ብቻ ይተኩሳል። ትከሻን የሚመታው ይህ ክብደትና የባሩዱ መጠን ነው። ምቱን የፈራ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ ይስባል፤ ይስታል። ለድኩላና ለከርከሮ 6.5ቱ ይበቃል፤ ለጎሽ ግን አይታመንም። «ለትንሽ ሰው ቀላል ጠመንጃ» የሚለው የደላላ ምክርም ኪሳራ ነው፤ ጥይቱ አንድ ከሆነ ቀላሉ ይበልጥ ይመታል። ሰደፉን ማሳጠር ይሻላል።

ዛሬ በመቱም ሆነ በጎሬ ገዢው በ2012 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት መጀመሪያ የመሣሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የአደኑ ፈቃድ ለብቻው ነው።