«አላይመንት ተሠርቷል» ሲባል የትኛው ተሠራ?

የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ለልምምድ ጋራዥ ስንወጣ ቶሎ ቶሎ የምንሰማት አንዲት አባባል አለች፤ «መኪናው ወደ ቀኝ ይስባልና አላይመንት ሥሩልኝ» የምትል። ባለሙያው ከሥር ይገባና የታይሮዱን ዳዶ ፈትቶ ትንሽ ያዞራል፣ መሪውን ቀጥ ያደርጋል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ባለመኪናው ግን ሳምንት ሳይሞላው ያንኑ ስሞታ ይዞ ከች ይላል። የተስተካከለው ቶ ነው፤ መኪናን ወደ ጎን የሚስበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶ አይደለም።

እስቲ ሦስቱን ማዕዘኖች እንለያቸው። መኪናውን ከላይ ሆነን ብናየው የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጫፍ ሲቀራረብ ቶ-ኢን፣ ሲራራቅ ቶ-አውት እንላለን። ካምበር ከፊት ለፊት ሲታይ ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር ደግሞ ከጎን ሲታይ ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ መጋደሙ ነው። የብስክሌትን የፊት ሹካ ያየ ሰው ካስተርን አይቷል።

የፊት ጎማዎች በመሪ ዘንግ የተያያዙ ስለሆኑ የቶ ስህተትን እኩል ይካፈሉታል። ስለዚህ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጎማው ግን ይበላል። ምን ያህል? እናስላው። ዲያሜትሩ 600 ሚሊ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ጠቅላላ ቶው በ6 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ለእያንዳንዱ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። 3 ለ600 ሲካፈል 0.005 ነው። ይህ ማለት ጎማው በሄደ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አዳማ ሲደርስ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልቱን በጎኑ ፍቆታል ማለት ነው! ይህን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አንሸራቱት፣ ከዚያ መልሱት። ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስላሳ፣ ወደ ውጭ ሲመለስ ደግሞ የሚቧጭር ከሆነ ቶ-ኢኑ በዝቷል። ተቃራኒው ከሆነ ቶ-አውት ነው።

አደገኛው ቶ-አውት ሲሆን ነው፤ ምክንያቱም የሚበላው የውስጠኛው ጠርዝ ነው። ሾፌሩ ጠዋት ዞር ዞር ብሎ ጎማውን ሲያይ የውጩን ደህና ጥርስ ብቻ ያያል። ውስጡ ሽቦው ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ በሙቀትና በፍጥነት ላይ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ነው። በዝናብ ጊዜም የተላጨው ጠርዝ ውሃ ማስወጣት ስለማይችል ፍሬን ሲያዝ መኪናው ይንሸራተታል።

ወደ መሳቡ ስንመለስ፣ ተጠያቂዎቹ ካምበርና ካስተር ናቸው፤ በተለይ ግራና ቀኙ ሲለያይ። መኪናው ካምበሩ ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳዘነበለበት፣ ካስተሩ ደግሞ ወዳነሰበት ጎን ይስባል። ካስተር በሁለቱም በኩል ካነሰ ሌላ ጣጣ አለው፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ በፍጥነት ላይም መኪናው ይንከራተታል። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ መሪ ሲያርም ይውላል። (መሪው በፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባላንስ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።) አስፋልቱ ራሱም ውሃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ በቀኝ በምንነዳበት አገር ወደ ቀኝ ትንሽ መውረድ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ መኪናው በእርግጥ እንደሚስብ የሚታወቀው ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ሲፈተሽና የጎማዎቹ ንፋስ እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው።

በከተማችን የምናውቃቸው የድሮዎቹ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የፊት ሰስፔንሽናቸው በቶርሽን ባር የሚሠራ ነው። ጭነት ሲበዛ ወይም መንገዱ ሲከፋ ባለቤቶች የቶርሽን ባሩን ብሎን አስጠብቀው ፊቱን ከፍ ያስደርጋሉ። ከፍታው ሲቀየር ታዲያ ክንዶቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ይቀየራል፤ ካምበሩም ቶውም አብረው ይናጋሉ። ያለ አላይመንት ከፍ ማድረግ ጎማ ለመጨረስ አንደኛ መንገድ ነው።

በሲባጎና በሜትር የሚለኩትን ባለሙያዎች መናቅ አይገባም፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ቶ በሲባጎ በደንብ ይለካል። ካስተር ግን በሲባጎ አይገኝም። ማሽን ያለው ጋራዥም ቢሆን ያረጀ ቦል ጆይንት፣ የላላ ቡሽ ወይም የላላ ኩሽኔታ ሳይቀይር ቢለካ ቁጥሩ መኪናው እንደተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም፦ መጀመሪያ ካስተርና ካምበር፣ ቶ መጨረሻ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሲነኩ ቶው ይቀየራል።

የኋላውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ባሌስትራ ባለው መኪና የመሀል ብሎኑ ከተቆረጠ የኋላ አክሱ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መኪናው ሰያፍ ይሄዳል፤ ቀጥ ለማስኬድ መሪውን አጣሞ መያዝ ግድ ይሆናል። ይህን ታይሮድ በማዞር መሪውን ብቻ ቀጥ አድርጎ መሸኘት ይቻላል፤ አክሱ ግን ያው እንደተጣመመ ነው። መሪው ተጣሞ የመጣ መኪና ሲያጋጥማችሁ፣ ከታይሮዱ በፊት ከኋላ ቆማችሁ የኋላና የፊት ጎማዎቹ በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ።