የኮምባይነሩ ረዳት እና አዋጅ ቁጥር 1156

በባሌ ደጋ ስንዴ ሲደርስ ኮምባይነር ማሳ ላይ ብቻውን አይወርድም። መሪውን የያዘ ኦፕሬተር አለ፤ ግሪስ የሚሰጥ፣ ነዳጅ የሚቀዳ፣ ጭድ ሲወተፍ የሚያጸዳ ረዳት አለ፤ ባለማሽኑን ከገበሬው የሚያገናኝ ደላላ አለ። ስንዴው ሲራገፍ ደግሞ ጆንያ የሚይዙና የሚሰፉ ወጣቶች፣ ኩንታሉን አይሱዙ ላይ የሚያወጡ ጫኞች ይከተላሉ። በሮቤና በጎባ ዙሪያም ሆነ በሲናናና በአጋርፋ ማሳዎች ይኸው ነው። «እነዚህን ሰዎች የሠራተኛ ሕግ ያውቃቸዋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ «የወቅት ሥራ ነው እኮ» የሚል ነው። ሕጉ ግን ያውቃቸዋል። ሕጉን የማያውቁት እነሱ ናቸው።

ሕጉ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዘመነ ንጉሡ የወጣው 210/1956፣ የደርጉ 64/1968፣ ከዚያም 42/1985 እና 377/1996 ቀድመውታል። ድርጅት ሲል ፋብሪካን ብቻ አይደለም፤ የንግድ፣ የኮንስትራክሽንና የእርሻ ሥራንም በስም ይጠራል። ስለዚህ ኮምባይነር ገዝቶ፣ ሰው ቀጥሮ፣ በኩንታል ሒሳብ እያስከፈለ የሚያጭድ ባለሀብት አሠሪ ነው።

ወቅታዊ ሥራን በተመለከተ አዋጁ የሚለው ግልጽ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መቅጠር ከሚፈቀድባቸው ምክንያቶች አንዱ ሥራው ወቅታዊ መሆኑ ነው። ይህ የውሉን ዕድሜ ያሳጥራል እንጂ የሠራተኛውን መብት አይቀንስም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥስ? ሠራተኛው ወረቀት የለህም ተብሎ መብቱን አያጣም። በቃል ብቻ ለሚቀጠር የአጨዳ ልጅ ከአዋጁ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ሰዓቱን እንይ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ጠዋት ስንዴው ጤዛ ስለሚይዝ ማሽኑ ቶሎ አይነሣም፤ ረፋዱ ላይ የተጀመረው ሥራ ዝናብ ካሰጋ በመብራት እስከ ሌሊት ይቀጥላል። ለእንዲህ ያለው አስቸኳይ ሥራ አዋጁ ትርፍ ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከቀን 4፣ ከሳምንት 12 ሰዓት ግን ማለፍ የለበትም። ለምሳሌ በቀን 400 ብር የተቀጠረ ረዳት የአንድ ሰዓት ዋጋው 50 ብር ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራት እያንዳንዷ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ 75 ብር ይደርሰዋል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ማባዣው 1.75 ስለሆነ 87 ብር ከ50 ይሆናል። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን እጥፍ 100 ብር፣ በበዓል ቀን 125 ብር ነው። ይህን ማስላት አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አያቅተውም፤ የሚያስላለት ግን የለም።

ስለ ልጆች ካነሣን፣ ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት አይቻልም። የመብራቱ አጨዳ ላይ ጆንያ ይዘው የሚቆሙትን ልጆች ያየ ሰው ይህ አንቀጽ ከማሳው ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። እኔን የሚያሳዝነኝ ደግሞ የረዳቱ ነገር ነው። ሞተር ሳይጠፋ ጭድ ሊያወጣ እጁን ይሰዳል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የሕክምናውንም ወጪ ይችላል። «አንተ ነህ ያልተጠነቀቅከው» ብሎ መሸኘት ሕግ አይደለም።

ሕጉ ያልሸፈነው ወይም ያልጨረሰው ነገርም አለ። በራሱ የንግድ ኃላፊነት ሥራ በዋጋ ተረክቦ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። በቡድን ተደራጅተው ኩንታሉን በዋጋ ተነጋግረው የሚጭኑትም ከዚህ ወገን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ዝቅተኛ ደመወዝንም አዋጁ ራሱ አልቆረጠም፤ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ እንጂ። ጋና የቀን ዝቅተኛ ደመወዟን መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ በሚቀመጡበት የሦስትዮሽ ኮሚቴ ትወስናለች። ናይጄሪያም በ2016 ዓ.ም. የወር ዝቅተኛውን 70,000 ናይራ አድርጋለች። እኛ ዘንድ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ወለል አልተነጠፈም። መዘግየቱ ልክ አይደለም።

ወደ ሙያው ልምጣ፤ ለባሌ ትልቁ ዕድል ያለው እዚህ ነው። ኦፕሬተር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው። እያየ ይማራል፣ ማሽኑ ሲሰበር ከመካኒኩ አጠገብ ቁልፍ እያቀበለ ይማራል፤ ጥቂት ወቅቶች ካለፉ በኋላ መሪውን ይረከባል። በእጁ ግን አንድ ወረቀት የለም። አዋጁ ለዚህ የሙያ ልምምድ ውል የሚባል ክፍል አለው። ውሉ በጽሑፍ ይደረጋል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ዘመን፣ የልምምዱ ክፍያና የሥራው ሁኔታ ይገለጽበታል፤ በሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ይረጋገጣል። ሲያበቃም አሠሪው የሙያውን ዓይነትና የተማረበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በዚህ ላይ የብቃት ምዘና ይጨመር። ምዘናው በኮሌጅ ለተማረ ብቻ አይደለም፤ ሙያውን በሥራ ላይ ያገኘም ቀርቦ ይመዘናል።

ሥልጠናውም ሩቅ አገር አይደለም። አጋርፋ ላይ ለረጅም ጊዜ ገበሬና የግብርና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ኮሌጅ አለ። በጎረቤት አርሲ ቁሉምሳ በኢትዮጵያና በጀርመን ትብብር የተቋቋመ የእርሻ ማሽነሪ ማሠልጠኛ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፣ የሥራ ዕድልና የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አንድ ጣራ ሥር ገብተዋል። ለአንዱ ረዳት ውሉንም ሥልጠናውንም ምዘናውንም የሚከታተል አንድ ዘርፍ ካለ፣ አጨዳ ከመጀመሩ በፊት የሮቤና የጎባ ጽሕፈት ቤቶች ባለኮምባይነሮችን ሰብስበው ናሙና ውል ቢያድሉ ምን ይከብዳል? የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ወደ ሥራ ቦታ የመግባት ሥልጣን አለው፤ ማሳም የሥራ ቦታ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅህ ወይም ወንድምህ ዘንድሮ ኮምባይነር ተከትሎ የሚወጣ ከሆነ ደብዳቤውን እንዲጠይቅ፣ ካልሰጡትም የገባበትን ቀን፣ የተስማማበትን ዋጋና የሠራቸውን ሰዓቶች በደብተር እንዲጽፍ ንገረው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። የታኅሣሥ አጨዳ ሒሳብ ከሰኔ ማለፍ የለበትም።