ጠያቂው መርሳ፣ መላሹ ሩቅ፦ የዲኤንኤስ ሰርቨር ነገር ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ

ኢትዮጵያ «ነጥብ ኢቲ» የተሰኘውን የኢንተርኔት ስሟን ያገኘችው በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ለደንበኞች የተከፈተው ደግሞ በጥር 1989 ዓ.ም.፤ ስሙ መስመሩን ከአንድ ዓመት በላይ ቀደመው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት ተቋማትና ተመራማሪዎች የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ በተባለው ማዕከሉ በኩል፣ በተራ የስልክ መስመር ኢሜይል ይላላኩ ነበር።

ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው ዲኤንኤስ ራሱ ከዚያ ይቀድማል። ፖል ሞካፔትሪስ ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1983 እስኪያወጣ ድረስ የኮምፒውተሮች ስም ዝርዝር ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ካሊፎርኒያ በሚገኝ የምርምር ተቋም ይቀመጥ፣ ሌላው ዓለም ከዚያ እየቀዳ ይጠቀም ነበር። ሞካፔትሪስ ሥራውን በተነው፤ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ስሞች በራሱ ሰርቨር ይያዝ፣ ለጠየቀውም ራሱ ይመልስ አለ። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ይህ ሐሳብ ሰሜን ወሎ፣ እስከ መርሳ ድረስ ዘልቋል ወይ የሚለውን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አልዘለቀም። ስም መዝጋቢው፣ መስመር ዘርጊው፣ የደንበኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ሰርቨር ባለቤትም አንድ ነበር፤ ቀድሞ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም። የመንግሥት መረብ የሆነው ወረዳኔት በሳተላይት ወረዳዎችን ሲያገናኝም ዋናው ጥቅሙ የቪዲዮ ስብሰባ ሆነ። ሥራው ከማዕከል ስለሚመራ የወረዳ ባለሙያ ሰርቨር የሚያዋቅርበት አጋጣሚ ጠባብ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፉ ነው። እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ የግብርና ትምህርቱንም መርሳ ካምፓስ ላይ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ«ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ሥር የራሱ ስም፣ በስሙ ሥር የሚሰየሙ ብዙ ማሽኖች አሉት፤ የተማሪ መመዝገቢያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ኢሜይል። እዚህ ላይ ነው የዞን ፋይል የሚባለው፣ የስሞቹና የአድራሻዎቻቸው ዝርዝር የሚጻፍበት ነገር የአገር ቤት ሥራ የሆነው። በሊኑክስ ላይ ባይንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም የጫነ ሰው ያውቀዋል፤ ፋይሉ ጥቂት መስመር ነው፣ ይቅርታ ግን አያውቅም። በሙሉ ስም መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ከተረሳች ሰርቨሩ የራሱን ዶሜይን ደግሞ ይቀጥልበትና የማይታወቅ ስም ይፈጥራል። አድራሻ ተቀይሮ የፋይሉ ተራ ቁጥር ካልጨመረ ቅጂውን የያዘው ሁለተኛው ሰርቨር ለውጥ መኖሩን ሳያውቅ አሮጌውን መልስ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ከተጠቃሚው ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ አይገባም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ እየተፈለገ ቀን የሚያልቀው በዚህ ነው። ይህን ሙያ የሚያስጨብጠው ከክፍል ትምህርት ይልቅ እውነተኛ ተጠቃሚ ያለው ሰርቨር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል ለአካባቢው ወጣት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው የምለውም ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ግን ተቃራኒው ማዕበል መጣ። ጉግል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 «8.8.8.8» የተባለውን ነፃ የዲኤንኤስ አገልግሎት ከፈተ። ለማስታወስ ቀላል፣ አስተማማኝም ስለሆነ መስመር የተንቀራፈፈበት ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ ሞላው። ጥያቄው በአብዛኛው ድንበር ተሻግሮ የሚመለስ መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ብዙ መሥሪያ ቤትና ነጋዴ ስም ማስመዝገቡን ራሱ ተወው፤ የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል በቂ መሰለው። በራስ ፊደል ስም የማውጣት ጉዳይም አለ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም አቀፉ የላይኛው እርከን ስሞች ደንብ ውስጥ ተካቷል። የመርሳን ወረዳ አንዱ «ሀብሩ» ሌላው «ሐብሩ» ብሎ ሲጽፈው በፊደል ኮዳቸው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸውና፣ ጉዳዩ የእኛ ሊቃውንት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።

የመላሹ ርቀት ዋጋ የታየው በሰሜኑ ጦርነት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን አጥለቀለቀ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አካባቢው ከመስመር ውጭ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። በዚሁ መሐል፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፌስቡክ ከነዋትስአፑ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፋ። በጥገና ወቅት የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን የውስጥ መስመር አወረደው፤ ዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም ማዕከላቸውን ሲያጡ ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ ለዓለም ማሳወቅ አቆሙ። ማሽኖቹ በርተው ነበር፤ ስማቸውን የሚመልስ ግን ጠፋ። ወልድያ በጦርነት የደረሰባትና ፌስቡክ በራሱ እጅ በራሱ ላይ ያደረሰው በመከራ አይነጻጸሩም፤ ከሰርቨር አንጻር ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ መላሹ የሚገኝበት ቦታ ሲቋረጥ ስሙን ማን ይመልስለታል? የኢንተርኔት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ምክር በግልጽ መልሶታል፤ የአንድ ዶሜይን ሰርቨሮች በቦታም በኔትወርክም የተራራቁ ይሁኑ ይላል። ድረ ገጹ ውጭ አገር ቢቀመጥ እንኳ ስሙን የሚመልሱት ሰርቨሮች ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ፣ መስመሩ በተቋረጠ በጥቂት ሰዓት ወይም ቀን ውስጥ፣ የተቀመጠው መልስ ጊዜው ሲያልፍ፣ ገጹ ከዓለም ይሰወራል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። የተዘጋ መስመር በዲኤንኤስ አይከፈትም፤ በዚህ ማሳሳት አልፈልግም። የሚቆራረጥ መስመር ግን ይታገዝበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ደንብ፣ ላይኛው ሰርቨር ካልተገኘ ጊዜው ያለፈበትን መልስ ለጊዜው መስጠትን ይፈቅዳል፤ አንባውንድ የተባለው የዲኤንኤስ ፕሮግራምም ባይንድም ይህን ያደርጋሉ። መርሳ ላይ አንድ የኮሌጅ ላብ ወይም ሆስፒታል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንባውንድ ጭኖ፣ ከባትሪ ጋር አያይዞ፣ የውስጥ ማሽኖቹን ስም እዚያው ቢጽፍ፣ ደጅ ያለው መስመር ቢጠፋ እንኳ ካርድ ክፍሉና ላቦራቶሪው በስም መገናኘታቸውን አያቆሙም። ዛሬ ግን ብዙ ቦታ የውስጥ ኮምፒውተሮች ሳይቀሩ ስም የሚጠይቁት «8.8.8.8»ን ነው።

ለወልድያ ሁለተኛውን ሰርቨር ደሴ ላይ ማስቀመጥ ይቀላል፤ ነገር ግን ሁለቱም አንድ መንገድ ዳር ናቸው። ባሕር ዳር ወይም ጅማ ይሻላል። ዩኒቨርሲቲዎቹን የኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አስቀድሞ አገናኝቷቸዋልና፣ ወልድያ የጅማን ዞን ቅጂ ብትይዝ፣ ጅማ የወልድያን፣ የሚገዛ ዕቃ የለም። በዞን ፋይሉ ላይ አዲሱን ሰርቨር የሚጠቁም አንድ የኤንኤስ መስመር መጨመር፣ ዞኑን ለመቅዳት ለዚያ አድራሻ ብቻ ፈቃድ መስጠት፣ በፋየርዎሉ ላይ የዲኤንኤስን በር፣ 53 ቁጥርን፣ በቲሲፒም በዩዲፒም መክፈት፣ ከዚያም አዲሱን ሰርቨር ለነጥብ ኢቲ አስተዳዳሪ ማስመዝገብ ዋናዎቹ ሥራዎች ናቸው።