ብረት፣ የሕፃን አንጎልና የሰቆጣ ቃል ኪዳን

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ሳቢያ ቁመት ከዕድሜ በታች መቅረትን፣ በጎርጎርዮሳዊው 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል በሰቆጣ ስም መጠራቱ፣ ከተማዋ የምትገኝበትን ዋግ ኽምራን የ1977ቱ ረኃብ ክፉኛ ስላደቀቀው ተገቢ ነው። ቁመት ግን በዓይን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው፤ የማይታየው አንጎል ላይ የሚደርሰው ነው። የነርቭ ክሮችን ሸፍኖ መልእክት የሚያፋጥነው ሚየሊን የተባለው ቅባታም ልባስ ያለ ብረት ማዕድን በወጉ አይሠራም። በቺሊ ተመራማሪዎች በብረት እጥረት ደም ማነስ የያዛቸው የስድስት ወር ሕፃናት ተኝተው ሳሉ ራሳቸው ላይ ኤሌክትሮድ ለጥፈው አጫጭር ድምፆች ሲያሰሟቸው፣ መልእክቱ በአንጎል ግንድ ውስጥ ከጤነኞቹ ዘግይቶ ተጉዟል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ብረት ተሰጥቷቸው ደማቸው ከተስተካከለ በኋላም ልዩነቱ እስከ አራት ዓመታቸው አለመጥፋቱ ነው። ስለዚህ፣ ሕፃን የመጀመሪያ ብረቱን በማህፀን ሳለ ከእናቱ ስለሚያገኝ፣ ነፍሰ ጡር እናት በጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል ሳታቋርጥ ትውሰድ፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ግን ከእነርሱ ጋር አይሁን።